ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ

እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል። ይህን የሚያውቁ የሥራ ባልደረቦቼ የዚያን ዕለት ድምፄ ሲቀጥን ገና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉ። እውነታቸውን ነው፤ የፊልሙ ዳይሬክተር ላይ የወረደበትን በዓይናቸው አይተዋል። ግን ታሪኩን ከዚያ ብጀምረው ሰውየውን ያለ ሥራው ማማት ይሆንብኛል። ነገሩ የጀመረው ከእናቴ ቀሚስ ነው።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት አይሆንልኝም። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ነጥብ ታያለች» ትላለች፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም። ፊልም ላይ የሌለ ነገር፣ ለምሳሌ የፈረሰ ሕንፃ፣ በኮምፒውተር ተሠርቶ ሲገባ ካሜራው ወዲያ ወዲህ ቢልም ሕንፃው ቦታው ላይ ተተክሎ መቆም አለበት። ለዚያ ደግሞ ካሜራው በየት በኩል እንደሄደ መታወቅ አለበት። የኔ ፕሮግራም ይህንን ነው የሚያወጣው። የግድግዳ ስንጥቅ፣ የድንጋይ ጠርዝ፣ የምሰሶ ጫፍ እያለ ነጥብ ይጥልና ነጥቦቹን ይከታተላል። እነሱ የቆሙ ናቸው ብሎ ስለሚያምን፣ እንግዲያው የሄደው ካሜራው ነው ብሎ መንገዱን ይደርስበታል። ሰው ወይም መኪና ወይም ውሻ ካለ አስቀድመን ዙሪያውን ማስክ እንሠራለታለን፤ እንዳያየው እንሸፍንበታለን ማለት ነው። ካልሸፈንንበት ፕሮግራሙ የዋህ ነው፤ የሚሄደውን የቆመ፣ የቆመውን የሚሄድ አድርጎት ቁጭ ይላል።

ሾቶቹ፣ ቁርጥራጭ ቀረጻዎቹ ማለቴ ነው፣ ሲበዙ ደግሞ አንድ በአንድ አንጋፈጣቸውም። ሁሉንም አሰልፈን ባች ላይ እንጥላቸዋለን፤ ማሽኑ ተራ በተራ እየተቀበለ ይሠራል፣ እኛ ምሳችንን እንበላለን። ሲጨርስ ከየሾቱ ጎን የስሕተት ቁጥር ያወጣል። የበዛበት ቀይ ይሆናል፣ ያነሰበት አረንጓዴ። ቀዩን ከፍተን እንጠግናለን። አረንጓዴው ሳይከፈት በቀጥታ ወደ ግንበኛው ያልፋል። ግንበኛው ያልኩት ሕንፃዎቹን በኮምፒውተር የሚሠራልን፣ ትከሻው የሰፋ፣ ወሬ የማያበዛ ሰውዬ ነው፤ እውነተኛ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት እንኳ አይችልም። ከባቹ ሁሉ ስሕተቷ ያነሰውን ሾት ደግሞ «ሙሽራ» እንላታለን። ሙሽራዋን ማንም ቀድሞ አያያትም። ግንበኛው እንኳ ሕንፃውን አስገብቶ፣ ሳያጫውት ነው የሚልካት። ዳይሬክተሩ ሲመጣ መጀመሪያ እሷ ትከፈታለች፤ ገድ ናት ብለን ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እኔ ስቀጠር ነበረ።

የዚያን ሰሞን የያዝነው ፊልም ስለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቦታው ሣር በቅሎበት ጎረምሶች ኳስ ይጫወቱበታል። እናቴ የዕድሜዋን ግማሽ እዚያ ውስጥ እጅጌ ስትሰፋ ኖራለች። አባቴ የስፌት መኪኖቹ መካኒክ ነበር፤ የተገናኙትም እዚያው ነው። እሱ ባረፈ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፋብሪካው ፈረሰ። እናቴ ሁለቱን ነገር ለይታ አታወራም። «እሱና ፋብሪካው ከሄዱ ወዲህ» ነው የምትለው። በዚያ በር ላይ የተነሳችው አንድ ፎቶ እንኳ የላትም፤ ያን ጊዜ እዚያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር።

ዳይሬክተሩ የድሮ ሠራተኛ ሲያፈላልግ እሷን ይዤለት ሄድኩ። ቁጭ ብላ እንድታወራለት ነበር የፈለገው።

«ወሬው ይቅርብኝ ልጄ» አለችው፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ከዚያ በር ስወጣ አሳየኝ።»

እሺ አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ያልሰማ የለም። ፀጉር ሠሪዋ ሰምታለች፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ሰምቷል። ያኮረፈቻት ጎረቤቷ ሳትቀር ሰምታለች፤ እንዲያውም ይህን ለመንገር ብላ ነው የታረቀቻት።

ለቀረጻው አዲስ ቀሚስ ሰፋች። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ፣ የኮት ቁልፍ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ያሉበት። እንግዲህ አስቡት፤ እኔ እንጀራዬ ነጥብ ነው። ባዶ ግድግዳ ሲያጋጥመን ፕሮግራሙ የሚይዘው እንዲያገኝ ብለን በገዛ እጃችን ነጭ ነጥብ የምንለጥፍ ሰዎች ነን። እናቴ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ ነጥብ ለብሳ ፊቴ ተገትራለች፣ እኔ ደግሞ «ወገቡ ጋ ትንሽ ጠበቅ ቢል» እላለሁ።

ቀረጻው ቀላል ነበር። እናቴ በሩ ከነበረበት ተነስታ ወደ ፊት ትመጣለች፣ ካሜራማኑ ፊት ለፊቷ ሆኖ ወደ ኋላው ይራመዳል። ከኋላዋ ያለው ሣርና ሰማይ ነው፤ ሣሩም በነፋስ ይወዛወዛል። ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ በግራ በኩል ሸብረክ ትላለች። ያን ቀን ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው ብላ ፎክራ ነበር፤ አልሆነላትም።

የሷ ሾት እጄ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ባዶ ሜዳ ስለሆኑ ማስክ አላስፈለጋቸውም። ባቹን ላስነሳ ስል እሷንም ማስክ ሳልሠራላት መሐላቸው ሸጎጥኳት። ጓጉቼ ነበር፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። የገዛ እናቷን ማስክ ረሳች ተብሎ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እናቴ እኮ ለኔ የምትንቀሳቀስ ነገር ሆና ታይታኝ አታውቅም። የቤት ምሰሶ ናት። ምሰሶ ላይ ደግሞ ማስክ የሚሠራ የለም።

ከምሳ ስንመለስ ባቹ አልቋል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሾት ሙሽራዋ እናቴ ሆናለች! አረንጓዴ ብቻ ሳይሆን፣ እንደዚያ ያነሰ የስሕተት ቁጥር አይቼም አላውቅ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አንደኛ ወጣሽ!»

«የምን አንደኛ?»

«ማሽኑ ከሁሉም አንቺን ወደደ።»

«ማሽኑም ዓይን አለው ለካ» አለች። «አባትሽ እንዲሁ ነበር የሚለው፣ ማሽን ሰው ያውቃል እያለ።»

በነጋታው ዳይሬክተሩ ሊያይ ስለሚመጣ፣ አንቺም ነይና እይው አልኳት።

መጣች። ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ለክፍሉ ሰው ሁሉ ብርቱካን በዘንቢል ይዛ። ዳይሬክተሩን በሌለበት «ጊዜ የለንም» ነው የምንለው፤ ከአፉ ስለማይጠፋ። ከእናቴ የመጨረሻ ልጅ ያንሳል፣ የመጨረሻዋም እኔ ነኝ። እሱም ቢሆን ያን ጠዋት ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት። ግንበኛው ፋብሪካውን እንደሆነ አሳምሮ ሠርቶታል፤ የጣሪያው ዝገት፣ የጭስ ማውጫው፣ የበሩ የተላጠ ቀለም ሳይቀር። መብራቱን አጠፋሁና ሙሽራዋን ከፈትኳት።

እናቴ ከበሩ ፊት ለፊት ቆማለች። ከኋላዋ ፋብሪካው ግጥም ብሎ ሞልቷል። «ወይ ጉድ፣ ራሱ ነው እኮ!» አለች ወንበሯ ላይ ሆና።

ስክሪኑ ላይ ተራመደች። ፋብሪካውም ተራመደ።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። የለም። እሷ አንድ እርምጃ ስትመጣ ያ ሁሉ ግንብ ከነበሩ ከነጭስ ማውጫው አንድ እርምጃ ይመጣል። እሷ ፈጠን ስትል እሱም ፈጠን ይላል። በግራ እግሯ ሸብረክ ስትል ጣሪያው ሁሉ አብሯት ሸብረክ ይላል። ፋብሪካ ሲያነክስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ክው አልኩ። ወዲያው ገባኝ። ፕሮግራሙ የሚወዛወዘውን ሣር ንቆ፣ ያንን ጥርት ያለ የቀሚስ ነጠብጣብ ነው የያዘው። ለሱ የቆመችው እናቴ ናት፤ ዓለም ነው የሚሄደው። ፋብሪካውን የተከለው መሬት ላይ ሳይሆን እናቴ ላይ ነው። ስሕተቱ ያነሰውም ለዚህ ነው፤ ነጥቦቹ እንደሆኑ አንዳቸውም አልጠፉበትም። ግንበኛው አንገቱን ወደ ኮቱ ውስጥ ከተተ። ሞቼ ነው ቆሜ!

ከእናቴ ወንበር በኩል አንድ ድምፅ ተሰማኝ። የምታለቅስ መሰለኝ። ዞር ስል በሳቅ ፍርፍር እያለች ነው።

«አባትሽ!» አለች ደረቷን ይዛ። «ልጄ ሙች አባትሽ ነው! እንዲህ አድርጎ ነው እኮ ሲከተለኝ የነበረው!»

«እንዴት?» አላት ዳይሬክተሩ።

«ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ቤቱ በዚያኛው በኩል ነው፣ እኔን ብሎ በዚህኛው ይመጣል። ዞር ስል ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ልጄ! አንድ ቀን ሲብስብኝ ‹አንተ ሰውዬ፣ መንገድህ በዚህ ነው?› አልኩት። ‹አዎ› አለ። ‹እስከ የት?› ስለው፣ ‹እስከምትደርሺበት› አይለኝ መሰለሽ!» እንባዋን በጣቷ ጠረገችና ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። እሷ ትሄዳለች፣ ፋብሪካው እያነከሰ ይከተላታል። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሞተ፤ ግንበኛው እንኳ ጥርሱን አሳየ።

ዳይሬክተሩም ስቋል፣ አልክደውም። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰዓቱን አየ። «በቃ፣ ይቺ ትውጣ» አለ። «በሷ ቦታ ባዶውን ሜዳ እናስገባለን። ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብን፣ ጊዜ የለንም። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እናቴ አልተከራከረችም። «ግድ የለም ልጄ፣ ሥራችሁ አይበላሽ» አለችና ዘንቢሏን አንስታ እጀታዎቹን አንድ ላይ ታስተካክል ጀመር። ደጋግማ አስተካከለቻቸው። ያ ሁሉ ሰፈር፣ ያቺ ለዚህ ሲባል የታረቀቻት ጎረቤት፣ ያ ተሠርቶ የመጣ ፀጉር። አንጀቴን በላችው።

ድምፄ የቀጠነው እዚህ ጋ ነው።

«አንተ!» አልኩት። «ሰውን ከበር ስትወጣ አሳይሻለሁ ብለህ ቃል ሰጥተህ፣ አሁን ሣር ልታሳያት ነው? የሣሩን ሾት እንደሆነ አሥር ጊዜ አስገብተኸዋል! ማነው ሣር ለማየት ቤቱን ጥሎ የሚመጣው? የሣር ዘመድ አለህ?»

«ስሕተቱ የኔ አይደለም እኮ…»

«የኔ ነው! የኔ ስለሆነ እኔው አስተካክለዋለሁ። አንተ ሰዓትህን አትይብኝ እንጂ!»

ወደ እናቴ አየ፣ ወደ ዘንቢሉ አየ፣ ሰዓቱን ሊያይ ብሎ ተወው። «እስከ ሥራ መውጫ» አለ። «ከሥራ መውጫ በፊት ፋብሪካው ከቆመ ትገባለች። ካልቆመ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ብትጮሂብኝም አልሰማሽም።»

«ከቆመ ማለት?» አለችኝ እናቴ በጆሮዬ።

«ከተወሽ ማለት ነው እማዬ።»

ወደ ቤት ሂጂ ብላት እምቢ አለች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ከመጀመሪያዋ ምስል ጀምሬ በሷ ዙሪያ ማስኩን ስስል፣ እሷ ብርቱካን እየላጠች በየመሐሉ ታጎርሰኛለች። ከቅርጿ ጋር አብሮ ቀይ ሽፋን ይሄዳል፤ የተሸፈነውን ፕሮግራሙ አያየውም።

«ምን እያደረግሽኝ ነው?»

«እያጠፋሁሽ ነው።»

«ልጅ ወልዶ ማየት ደጉ!»

«አንቺን ካላጠፋሁ ሌላ ነገር አላይም አለኝ።»

«አባትሽም እንዲሁ ነበር» አለችና አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ወተፈች።

በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ የሰውን አካሄድ በደንብ ታውቁታላችሁ። እናቴን ስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ፣ ስትራመድ ቀኝ እጇን ሳታወዛውዝ እንደምትይዝ የዚያን ቀን ነው ያየሁት፤ ድንገት አንድ ሰው ሊይዘው የሚችል ይመስል ትንሽ ወጣ አድርጋ። እጇንም እንደሌላው ሸፈንኩት፤ ጥርት አድርጌ ነው የሸፈንኩት።

ሸፍኜ ስጨርስ ችግሩ ገና ጀመረ። እናቴ ስትነሳ ሾቱ ውስጥ የቀረው ሣር ነው። ፕሮግራሙን አስነሳሁት፤ ቀይ። ሣሩንም ሸፍኜ አስነሳሁት፤ ጭራሽ ምንም አልያዘም ብሎ ቆመ። ዳይሬክተሩ በበሩ ብቅ ይልና ፊቴን አይቶ ይመለሳል። ግንበኛው ሳይጠራ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ምሳም አልወጣን። እናቴ ወሬዋን አቋርጣለች፤ የላጠችውን የብርቱካን ልጣጭ በመሐረብ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስክሪኑን ታያለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በእጄ ጀመርኩ። ማሽኑን አልሰማህም ብዬ ነጥቡን ራሴ ልጥል ማለት ነው፣ አንድ በአንድ፣ ከምስል ወደ ምስል። ሜዳውን በዓይኔ ለቀምኩት። ጥግ ላይ የመብራት ምሰሶ አለች፣ ያዝኳት። ከሩቅ የጎረቤት አጥር ጫፍ አለ፣ ያዝኩት። ቅርብ የሆነ ነገር ግን አጣሁ፤ ቅርብ ነገር ከሌለ ደግሞ ዋጋ የለውም። ኳስ የሚጫወቱት ጎረምሶች ተባረኩ! ለጎል ብለው ያስቀመጧቸው ሁለት ድንጋዮች ከእናቴ ግራና ቀኝ ሣሩ ውስጥ አሉ። አንደኛው ላይ ቀለም ቀብተውበታል። እነሱ ላይ ነጥብ ጥዬ፣ የነሱን መንገድ እየተከተልኩ ሌሎች ትንንሽ ጠጠሮች አገኘሁ። አስነሳሁት። በቀይና በአረንጓዴ መሐል፣ ብርቱካናማ ሆነ። አንዱን ጠጠር ነቅዬ በሌላ ተካሁትና እንደገና አስነሳሁት።

አረንጓዴ። እንደ ሙሽራዋ አይደለም፤ እንደ ነገሩ አረንጓዴ። እኔን ግን ካነሰው ቁጥር ይልቅ ደስ አለኝ።

ግንበኛው ሮጦ ሄዶ ፋብሪካውን መሬት ላይ ተከለው። ዳይሬክተሩ ሲጠራ ቦርሳውን አንግቦ ነበር። መብራቱን አጠፋን።

እናቴ ከበሩ ወጣች። በቃ፣ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ቀረ፣ ግንቡ ቀረ፣ ጭስ ማውጫው ቀረ። ወደኛ በመጣች ቁጥር ፋብሪካው እያነሰ፣ ከኋላዋ እየራቀ ሄደ፤ አልተነቃነቀም። ሲያልቅ ዳይሬክተሩ «እንደገና» አለ። ሁለተኛም አየና «ገብተዋል እማማ» አላት፤ ሰዓቱን ሳያይ።

እኔ እሷን ነው የማየው። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ቀረ» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ቆመ።»

«እሱን አይደል የምልሽ። ቀረ።» ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነው። እንዲህ ነው የሚቀረው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ያየሁት ራሱን ነው።» ዳይሬክተሩንም ብድግ ብላ ሳመችው፤ ግንበኛውን ደግሞ ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገችው።

ዘንቢሏን ይዛ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። «ያ የተከተለኝስ?» አለች።

«እሱ ይጠፋል እማዬ፤ ስሕተት ነው። አዲስ ባች ሲነሳ የተበላሸው ሁሉ ይደመሰሳል።»

«ለናንተ ነዋ ስሕተቱ። አትደምስሺብኝ፤ ለኔ ስጪኝ» አለችና ስልኳን ከጡቷ መሐል አውጥታ ዘረጋችልኝ።

ፊልሙ የታየ ቀን አዳራሹ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ነበር። እናቴ ከበሩ ስትወጣ ያቺ የታረቀቻት ጎረቤት ከሁሉ በላይ አጨበጨበች። ሲወጡ ሁሉም «እንዴት አምሮብሻል፣ ፋብሪካውስ ቁርጥ የድሮው አይደለም?» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ያ ለሕዝብ ነው» እያለች ስልኳን ታወጣለች። «የኔ ይኸው።» ሰው በየደረጃው ላይ ተሰብስቦ ስልኳ ላይ አፍጥጦ ይስቃል። ከሥራዬ ሁሉ የተበላሸው ለሰው ሁሉ እየታየ ነው። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም።

ማታውን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ደግማ ስታየው አገኘኋት። ሙያ ነውና አላስችል አለኝ።

«እማዬ፣ መከተሉን ይከተልሽ። ግን ያ ማነከሱ ያስጠላል፤ ስጪኝና ላስተካክልልሽ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ።»

ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ተዪው» አለች። «እሱስ ቢኖር ኖሮ ይኼኔ ያነክስ የለ?»